አክስቴና የለሰለሰው ጋቢዬ

አክስቴ፣ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ የአንዳችንን ጋቢ ጠርዝ በጣታቸው ማሸት ሲጀምሩ ከቤተሰቡ አንዷ ማርገዟን እናውቅ ነበር። ለስልሶ ካገኙት ከትከሻችን ገፈው ይወስዱና ድርቡን ተርትረው ለሚወለደው ሕፃን መጠቅለያ ያደርጉታል። ስናጉረመርም፣ «አዲስ ጨርቅ ሕፃኑን ይሻክረዋል። ብሩን ለአራሷ ቅቤ አስቀምጡት» ይሉን ነበር።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ አረገዘች። እናቷ ከዓረብ አገር በላከችላት ብር የሕፃን ልብስ ልትገዛ ወደ መካነ ሰላም ገበያ ተነሳች። «አክስቴ ቢኖሩ ኖሮ!» አልኩ። ትከሻዬን የሚዳስስ ማጣቴ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሩ ላይ ቆም አለችና ተመልሳ የጋቢዬን ጠርዝ አሸት አሸት አደረገች።

«አባባ፣ ይቺ ለስልሳለች።»

«ብርዱንስ ምን ላድርገው?»

«ቅቤው ይበልጣል» ብላ ገፈፈችኝ።

ይኸው በነጠላ ተኮራምቼ እስቃለሁ። አክስቴ ሞተውም አልማሩኝም።