እህቴ ካናዳ ለምርጫ በተሰለፈች ቀን

ይህ የሆነው በ2021 ሴፕቴምበር፣ ካናዳ ምርጫ ባካሄደችበት ሰኞ ቀን ነው። እኔ ያኔም ዛሬም ጆሃንስበርግ ነኝ፤ ካናዳን ረግጫት አላውቅም። ሆኖም የየትም አገር ይሁን፣ የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ያቺ ሰኞ ትመጣብኛለች። አንዲት ቃል ሰማሁ፤ ትርጉሟን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ግን ተሳሳትኩ። የማልረሳው ለዚህ ነው።

ስሜ ነጅሚያ ነው፤ የስልጤ ልጅ ነኝ። በዚያን ጊዜ ጀፕ በሚባለው የከተማው የንግድ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና መጋረጃ እሸጥ ነበር። ሕንፃው ድሮ ቢሮ ነበር ይባላል። እኛ ስንገባበት ክፍሎቹ በጣውላ ተከፋፍለው ትንንሽ ሱቆች ሆነዋል። ደንበኞቻችን ከሩቅ አውራጃ በታክሲ መጥተው በጅምላ ጭነው የሚመለሱ ናቸው።

በዚያው ዓመት በጁላይ ከተማው ሲዘረፍ የኛን ሕንፃ አላህ አተረፈው። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣን። ነጋዴው ተሰብስቦ ባለ ሕንፃውን ለመነና ደረጃው ላይ በየፎቁ የብረት በር ተገጠመ፤ ቁልፉም በኛ በነጋዴዎቹ እጅ ብቻ ሆነ። የኋላው ደረጃ ጭራሽ በሰንሰለት ተቆለፈ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። «ከእንግዲህ ማን ይደርስብናል?» ተባባልን።

ታላቅ እህቴ ሐሊማ የምትኖረው ዊኒፔግ ነው። በኬንያ በኩል ስደተኛ ሆና ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው። ዜግነት ያገኘችው ኮሮናው ከገባ በኋላ፣ ቤቷ ሆና ኮምፒውተር ፊት ቆማ በመማል ነው። በዕድሜዋ መርጣ አታውቅም፤ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔን ለማስመጣት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ስፖንሰር አድርጋኛለች። ኢንተርቪው አልፌ፣ የጤና ምርመራም ጨርሼ፣ በሽታው ሲመጣ ሁሉም ነገር ባለበት ቆመ።

ስለዚህ የካናዳ ምርጫ ለኔ የሰው አገር ወሬ አልነበረም። ለጎረቤቴ ለሐጂ ሸምሱም እንደዚያው፤ የእሳቸውም ልጅ እንደኔ ካናዳ ለመሄድ ጉዳዩን የሚጠብቅ ነው። ሐጂ ጫማ ነጋዴ ናቸው። የሁለታችንን ሱቅ የሚለየው አንድ ጣውላ ነው። ከዩቲዩብ የሰሙትን ይዘው ይመጡና «ይኸኛው ካሸነፈ በሩ ተዘጋ በይ፤ ያኛው ከቀጠለ ትንሽ ተስፋ አለን» ይሉኛል። በማግስቱ ነገሩን ገልብጠው ያወሩታል። እኔም ሁለቱንም ጊዜ አምናቸዋለሁ።

የዚያን ሰኞ ጠዋት ከምኖርበት ከቤሪያ ሰፈር በእግሬ ስወርድ ልቤ አልወደደውም። ሌላ ጊዜ በጩኸት ጆሮ የሚያደነቁረው ታክሲ ተራ ጭር ብሏል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በዋትሳፕ አንድ መልእክት ይዞር ነበር፤ «ሰኞ ወደ ጀፕ ይመጣሉ፤ የውጭ ሰው ሱቅ እየዞሩ ያስወጣሉ» የሚል። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። የዚህ አገር የአካባቢ ምርጫም እየተቃረበ ስለነበረ በየመብራት እንጨቱ የሰው ፎቶ ተሰቅሏል። ስለኛ የሚባለው ነገር ደግሞ በየቀኑ እየከፋ ነበር።

የሕንፃው ዘበኛ ሲቡሲሶ ይባላል። ግዙፍ፣ ብዙ የማይናገር የዙሉ ሰው ነው። ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ሲሲ፣ ዛሬ ቶሎ ዝጊ» አለኝ። ሲሲ እህቴ፣ ቡቲ ደግሞ ወንድሜ ማለት ነው።

«ምን ሰምተህ ነው ቡቲ?»

ትከሻውን ሰበቀና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ልዘጋ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሐሊማ «ተሰልፌ እደውልልሻለሁ፤ አብረሽኝ ታያለሽ» ብላኛለች። እዚያ ሲነጋ እዚህ ከሰዓት ነው። ቤቴ ደግሞ ኔትወርክ አይረባም። ስለዚህ ቆየሁ።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ ጨለመ። ምድር ቤት ያሉት ነጋዴዎች ጄኔሬተር አስነሱ፤ ድምፁ በደረጃው በኩል እየተጎተተ ወደኛ ይመጣል። ብዙ ሰው ቀደም ብሎ ዘግቶ ሄዷል። አንድ ጊዜ ወጥቼ ኮሪደሩን ባይ ከኔና ከሐጂ ሱቅ በቀር የተከፈተ የለም። የደረጃው የብረት በርም ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው አላየሁም። ለጥንቃቄ ነው ብዬ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ክረምቱ ላይ ኮሮና ይዞኝ ከዳንኩ በኋላ ሽታ የሚባል ነገር ጠፍቶብኝ ነበር። ወጥ ሲያርብኝ እንኳ የማውቀው ሲጨስ አይቼ ነው። ሐጂ ደግሞ በሽታውን ክፉኛ ስለሚፈሩ ማስክ በማስክ ላይ ይደርባሉ፤ አፍንጫቸው ሥርም ቪክስ ይለቀለቃሉ። ሁለታችንም ያን ቀን አፍንጫ አልነበረንም ማለት ነው።

ሐሊማ ስትደውል ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው እኔ ጋ መጡ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቻርጅ የምትደረግ ትንሽ መብራት አበራሁ። ስልኩን የብርድ ልብስ ቁልል ላይ አስደግፌ አቆምኩት።

እህቴ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተሰልፋለች። ወፍራም ጃኬት ለብሳለች፤ ማስክ አድርጋለች። ሰዉ ተራርቆ ስለቆመ ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጥቷል። ስልኳን አዟዙራ አሳየችን።

«ሐጂ፣ ያያሉ? አንድ ወታደር የለም» አለች።

«ማሻአላህ! ማንን ልትመርጪ ነው?»

«እሱማ ምስጢር ነው።»

«ምን ምስጢር አለው! በሩን የማይዘጋብንን ነዋ የምትመርጪው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሐሊማ ወደፊት ትንሽ ተራመደች። «ጥቂት ሰው ነው የቀረኝ» ስትል ከመንገዱ ጩኸት ሰማን።

አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰው ነው የሚጮኸው። ወዲያው የጄኔሬተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ከታች ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፤ በኃይል፣ ደጋግሞ። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው ተነሱ።

«መጡ» አሉ።

ሸተሩን፣ የሱቁን ተጠቅላይ የብረት መዝጊያ፣ ከውስጥ ጎትተን አወረድነውና ቆለፍነው። መብራቷ ላይ ስስ ፎጣ ጣልኩባት፤ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ቀረ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ነጅሚ? ምን ሆናችሁ? ለምን ጨለመ?» ትላለች ሐሊማ።

«ዝም በይ፣ መጥተዋል» አልኳት በሹክሹክታ። ድምጿ ወደ ውጭ እንዳይሰማ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነስኩት።

ከደረጃው የብረቱ በር ሲሰበር ሰማን። ያ የተማመንበት በር ማለት ነው። ከዚያ የሰዎች እግር ወደ ኮሪደሩ ገባ። የየሱቁን ሸተር እየደበደቡ ይጮኻሉ።

«ፑማኒ! ፑማኒ!»

ፑማኒ በዙሉ «ውጡ» ማለት ነው። ጀፕ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ የኛ ሰው የለም። ሱቅ ሊያስለቅቁን የመጡ ሁሉ፣ ያኔም ከዚያ በፊትም፣ የሚጮኹት ይህንኑ ነው። ሐጂ ክንዴን አጥብቀው ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቁርአን እየቀሩ ነበር።

የኛን ሸተር ሲመቱት አቧራው ራሳችን ላይ ወረደ። «ፑማኒ!» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ፣ እጄን ብዘረጋ በምነካው ርቀት። ደግሞ መታው። ዝም አልን። ከዚያ እግሮቹ አለፉ።

በዚህ ጊዜ ዓይኔ ስልኩ ላይ አረፈ። ሐሊማ ማስኳን አውልቃ ጥላዋለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ዞረው ያዩዋታል። ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች፤ ደግማ፣ ደጋግማ፣ ከኔ ራስ በላይ።

ቀና አልኩ።

በጣውላውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ክፍተት ጥቁር ጭስ እየተንከባለለ ይገባል። ከራሳችን በላይ ያለውን ሁሉ ሸፍኖ እየወረደብን ነበር። እኛ ወለል ላይ ስለተቀመጥን ገና አልደረሰብንም።

«ሐጂ፣ ጭስ ነው!»

«እነሱ ናቸው ያቃጠሉት። እንድንወጣ ነው። እንዳትከፍቺ!»

«እዚህ ብንቀርም እንሞታለን!»

«ነጅሚያ፣ ልጄ፣ እኔ በጁላይ አይቻለሁ፤ አትክፈቺ!»

ማስካቸውን ከፊታቸው ገፈፍኩት። አንዴ ወደ ውስጥ ሲስቡ ሳል ያዛቸው፤ እጄን ለቀቁ። ቢስሚላህ ብዬ ሸተሩን ወደ ላይ ወረወርኩት።

ኮሪደሩ ምንም አይታይም። ሙቀቱ ፊቴን መታው። የሰዎቹ እግር ደረጃውን እየወረደ፣ እየራቀ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራ አላወቅሁም። እነማን መሆናቸውንም አላውቅም። «ቡቲ! ቡቲ!» ብዬ ጮህኩ።

እግሮቹ ቆሙ። ከዚያ ወደ ላይ ሲሮጡ ሰማሁ። የባትሪ ብርሃን ጭሱን ሰንጥቆ መጣና ፊቴ ላይ አረፈ።

«ሲሲ?» አለ ድምፁ። ሲቡሲሶ ነበር። እጁ ላይ ረጅም ብረት ይዟል። ከኋላው ጋሪ እየገፉ ዕቃ የሚያመላልሱ ሁለት ጎረምሶች አሉ፤ ሐጂ ሲያዩዋቸው ሁልጊዜ ኪሳቸውን የሚጠብቁባቸው ልጆች።

ጥያቄም መልስም አልነበረም። ሲቡሲሶ ሐጂን ተሸከማቸው። ከጎረምሶቹ አንዱ ብርድ ልብስ አልብሶኝ አንገቴን ወደ ታች ተጫነው፤ እጄን ይዞ በተሰበረው በር አሳለፈኝ። ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ በቀኝ በኩል እሳቱን አየሁት። በኋላ እንደሰማሁት ጄኔሬተሩ ነው ያስነሳው፤ አሮጌውን የመብራት መስመር ተከትሎ ወጥቶ ነበር።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። የፈራናቸው ሰዎች ያን ቀን አልመጡም። ስንሰማው የነበረው ጩኸት ውሃ የሚያመላልስ፣ የእሳት አደጋ የሚጠራ፣ ከላይ ሰው አለ እያለ የሚጮህ ሕዝብ ነበር። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ሐጂን ጭኗ ላይ አስደግፋ ውሃ ታጠጣቸዋለች። እኔ አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ሱቄ ባለበት መስኮት ነበልባል ሲወጣ አየሁ።

ስልኬ እዚያው ቀርቷል። ያኔ ነው ሐሊማ ትዝ ያለችኝ።

ቁጥሯን በቃሌ ስለማላውቀው ከአገር ቤት፣ ከናታችን ተቀብዬ በሰው ስልክ እስክደውል አመሸ። ገና እንዳነሳች «እኔ ነኝ፣ አለሁ» አልኳት። በኋላ እንደነገረችኝ መስመሩ እኔ ከወጣሁ በኋላ ወዲያው አልተቋረጠም። «ቡቲ» ብዬ ስጮህ ሰምታለች። ከዚያ ጭሱ ሲሞላ፣ አንድ ነገር ሲፈነዳ አየች፤ ከዚያ ጠፋ። እኔ ደውዬ እስክነግራት ድረስ እህቴ ስሞት ያየች ነበር የመሰላት።

ከሰልፉ ወጥታ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ የነበሩ አንዲት ነጭ አሮጊት የራሳቸውን ተራ ትተው አብረዋት ተቀመጡ። ቋንቋችንን አያውቁም፤ ምን እንደሆነችም አልጠየቋትም። ቦርሳዋን ይዘውላት እስክደውል ጠበቁ። ከዚያ አስነስተው፣ ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት፤ ሁለቱም መረጡ።

«ማንን መረጥሽ?» አልኳት ሌላ ቀን።

«አላህ ያውቃል። ሐሳቤ አንቺ ጋ ሆኖ የት ላይ ምልክት እንዳደረግሁ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።»

በማግስቱ ውጤቱ ሲነገር የነበረው መንግሥት ተመልሷል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሐጂ ሆስፒታል ተኝተው ነው የሰሙት። ልጃቸው ሲነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካናዳ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ዓመት ሳይሞላ ሱቅ መክፈቱን ትተው ወራቤ ገቡ።

የኔ ጉዳይ እስካሁን አላለቀም። ዛሬ ምድር ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ። ሽታዬ ተመልሷል።

ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲቡሲሶን ላመሰግነው ሄድኩ። ያኔ ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ሌላ ሕንፃ ይጠብቅ ነበር። እጁ ገና በፋሻ ተጠቅልሏል። ብዙ ካወራን በኋላ ጠየቀኝ።

«በራችሁን ሁለት ጊዜ ደበደብኩ። ዝም ስትሉ ሄደዋል ብለን ወደ ታች እየወረድን ነበር። ለምን አልመለሳችሁልኝም?»

እውነቱን ነገርኩት። ሊገድሉን የመጡት መስላችሁን ነው አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። «ሲሲ፣ እኔም በናንተ ቦታ ብሆን አልከፍትም ነበር» አለኝ።

እሳቱን ረስቼው የማድርባቸው ሌሊቶች አሉ። ይህን የሱን መልስ ግን አልረሳሁትም። ያወጣኝ ሰው ራሱ እንዲህ ካለ፣ ሌላ ቀን በሬ ሲደበደብ ምን እንደማደርግ እስከ ዛሬ አላውቅም።