እንዴት አደሩ የሚለው ስልክ

ገዳሪፍ ገበያ ዳር «ስልክ ቻርጅ የምታደርገዋ እናኑ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ያሳያችኋል። የሳር ዳሷ ጣሪያ ላይ ሶላር ዘርግታ፣ የሰሊጥ አራሚውን ሁሉ ስልክ ሰብስባ ትውላለች። እኔ አጠገቧ በርበሬ እሸጣለሁ፤ ምላሷ ከበርበሬዬ አይተናነስም።

ባሏ ባንታምላክ ባለፈው ክረምት ከእርሻ ሲመለስ የተሳፈረበት ሎሪ ተገልብጦ ሞተ። ታናሽ ወንድሟ ስንሻው አብሮት ነበር፤ እሱ ተረፈ። ተረፈ ይባል እንጂ ስራ ተወ፣ እህል ተወ፣ ከሰው መቀመጥ ተወ። «መሞት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» ያላት ቀን፣ እናኑ ወደኔ መጥታ «ሁለተኛ ሬሳ ከቤቴ አይወጣም፤ እኔ ቆሜ አይሆንም» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እዚያ ሪሃብ የምትባል፣ እዚሁ ሱዳን ያደገች የእኛው አገር ልጅ ነርስ አለች፤ የስልክ ቁጥሩን መዘገበችለት። ከዚያ በየጠዋቱ ይደወላል። የተቀዳ ድምፅ ነው፤ «እንዴት አደሩ? ደህና ከሆኑ አንድን፣ ካልሆኑ ሁለትን ይጫኑ» ይላል። ሁለትን ለተጫነ ሰው የምታማክር ባለሙያ ራሷ ትደውልለታለች። እንዲህ ያለው ስልክ በሌላ ቦታ ብዙ ሰው እንደረዳ ተጠንቷል አሉን።

ስንሻው ስልኩን ያነሳና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ አንድን ይጫናል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ቁርሱን ሳይነካ፣ በየጠዋቱ አንድ።

«አንተ፣ አሁን ይሄ ደህና ነው?» ትለዋለች እናኑ።

«እንዴት አደሩ ላለ ሰው ምን ሊባል ኑሯል ታዲያ?»

እሱ ብቻ መስሎን ነበር። እናኑ ስልክ ሊያስሞሉ ከሚመጡት ይኸው ድምፅ የሚደወልላቸውን ብትጠይቅ፣ ሁሉም እንደዚያው አንድን ነው የሚጫኑት። የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ሪሃብ መጥታ፣ መልሱ ሁሉ «ደህና» ስለሆነ እዚህ ችግር የለም ተብሎ ስልኩ ሊቋረጥ መሆኑን ነገረችን።

«አለቃሽ ጋ ውሰጂኝ» አለቻት እናኑ።

«ዛሬ የሉም፣ ቡክራ ነይ።»

«ነገማ ወንድሜ ይኖር አይኖር ማን አውቆ!»

ሶላሩን ለእኔ ጥላ ሄደች። የአለቃው በር ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ በማግስቱም ሄዳ ዋለች። እስኪያስገቧት አልተነሳችም።

«የኛ ሰው ሰላምታ መስሎት ነው የሚመልሰው» አለቻቸው። «መጀመሪያ ሰላም በሉት፣ ይመልስ። ከዚያ ጠይቁት።»

ሪሃብ አፏን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ እኔም እናቴ ስትደውልልኝ እያለቀስኩ ተማም፣ ደህና ነኝ ነው የምላት» አለች። አለቃውም ለጊዜው እንሞክረው አሉ፤ ድምፁን ራሷ እናኑ ትቅዳው ተባለ።

አዲሱ ድምፅ በጀመረበት ጠዋት ስንሻው ዳሱ ስር ተቀምጦ ስልኩን አነሳ። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር እኔም ሰማሁት።

«እንዴት አደራችሁ?» አለ የእናኑ ድምፅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ስንሻው እንደ ልማዱ።

«ይመስገን። ሰላምታው አለቀ። አሁን እውነቱን ንገሩኝ፤ ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳችሁ? ከወሰዳችሁ አንድ፣ ካልወሰዳችሁ ሁለት።»

ስንሻው ቀና ብሎ እህቱን አያት። እሷ ሽቦ የምታስተካክል መስላ ጀርባዋን ሰጠችው። ሁለትን ተጫነ።

ከሰዓት ባለሙያዋ ደወለችለት። ራቅ ብሎ ተቀምጦ ብዙ አወራ። ዳነ አልላችሁም፤ ግን ሲመለስ «የሚበላ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እናኑ ይህን ስትሰማ ወደ ሽቦዋ ዞረች። በሌላውም አራሚ ስልክ ሁለት እየበዛ ሄዶ፣ የማቋረጡ ነገር ቀረ።

አንድ ጠዋት የእናኑ የራሷ ስልክ ጠራ። ለካ ሪሃብ እሷንም መዝግባት ኑሯል።

«እኔን ምን ሁናለች ብላ ነው?» እያለች አነሳችው። የራሷ ድምፅ እንዴት አደራችሁ ሲላት ሳቀች። እንቅልፍ ወሰዳችሁ ሲላት ሳቋን ተወች። ባንታምላክ ከተቀበረ ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ስራ አለብኝ ነው የምትለው ሁልጊዜ። ጣቷ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ።

ስንሻው ከጎኗ ሆኖ ያያታል።

«እትየ፣ ሰላምታው እኮ አልቋል» አላት።

ሁለትን ተጫነች።