የጃርት ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መኪና ተውሶ ሶፍ ዑመርን ሊያሳየኝ ከሮቤ ይዞኝ ወጣ። ጎሮ ሳንደርስ፣ ወንዙ ዳር ካለው የጎርፍ መከላከያ ካብ አጠገብ "አቁም" አልኩት። ወርጄ በሽቦ የታሰረውን ድንጋይ ሥር ሥሩን እያየሁ ሄድኩ።

"እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለኝ ከመኪናው ሆኖ።

ሰማይ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የማይወስደኝ እናት መሆኔን ያውቃል። ከምን እንደመጣ ግን ነግሬው አላውቅም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ጎባ እህቴ ቤት እኖር ነበር። የእህቴ ባል ጋሽ ተፈራ የመንግሥት ሾፌር ነው፤ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ። ክረምቱ ሳይገባ ካቦቹን ዞሮ አይቶ የተበላሸውን ለአለቆቹ እንዲነግር ታዘዘ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣችውን የእህቱን ልጅ ሰናይትን አገር ላሳያት ብሎ እኔንም ጨምሮ ጋቢና ጫነን።

ከቶጎና ወንዝ ጀምረን ቀስ እያልን ሄድን። ጋሽ ተፈራ እያንዳንዱ ካብ ላይ ይወጣል፣ ረገጥ ረገጥ ያደርገዋል፣ "እኔን ከቻለ ጎርፍ አያቅተውም" ብሎ ይስቃል። ወፍራም ነበር። መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ሰናይት ፀጉሯን ተተኩሳ ነጭ ጫማ አድርጋለች። ገበያተኞች ሲያወሩ ሰምታ፣ "አንቺም እንደነሱ ትናገሪያለሽ እንዴ?" አለችኝ እየሳቀች።

አፌን የፈታሁት በእናቴ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው፤ እህቴ ቤት ግን የምናወራው በአማርኛ ብቻ ነበር። "ኧረ እኔ አልችልም" አልኳት።

ጎሮ ልንደርስ ስንል ከካቡ ጀርባ ካለች ጎጆ አንዲት አሮጊት እየሮጡ መጡ። አዴ ፋጡማ ይባላሉ። ፊቴን አይተው የማን ልጅ እንደሆንኩ ያወቁ ይመስል ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ሁለት እጆቼን ያዙ።

"ኢንታላ ቲያ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ቢሻን ጀላ ደርባ።" ውኃው በሥሩ ያልፋል። ጃርት ከካቡ ሥር ቆፍሯል፣ ጉድጓዱን ሣር ሸፍኖታል። ክረምት ሲገባ ቤቴም ገብሴም ይሄዳል፤ ለሰውየው ንገሪልኝ አሉ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላቸው።

"ምን ይላሉ?" አለ ጋሽ ተፈራ። "ትንሽ ትንሽማ ሳትሰሚ አትቀሪም።"

ሰናይት ታየኛለች።

"ይመርቁናል መሰለኝ" አልኩ።

"አሜን እማማ! አሜን!" አለ ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብሎ።

አዴ ፋጡማ ነገሩ የደረሰላቸው መስሏቸው ያን ጊዜ ከልባቸው መረቁን። ገብተውም ጩኮ አመጡልን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት። በላሁት። ደግሞ ጣፈጠኝ።

እስከ ጎባ ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ሰናይት ትሂድ ብዬ ቆየሁ። ስትሄድ ደግሞ ለምን ዋሸሽ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ዘገየ፣ አንድ ሳምንት ሆነ፣ ዝናቡም ገባ።

ነሐሴ ላይ ካቡ በዚያው በኩል ተናደ። ሰው አልሞተም። የአዴ ፋጡማ ጎጆ፣ ገብሳቸውና ሁለት ጥጆቻቸው ሄዱ።

በዓመቱ ጎሮ ገበያ አየኋቸው። ልጃቸው ዘንድ ተጠግተው ሽንኩርት ይሸጣሉ። ሸሽቼ ላልፍ ስል ጠሩኝ።

"አንቺማ ነግረሽልኝ ነበር" አሉኝ በኦሮምኛ። "ያ ወፍራሙ ሰውዬ ነው ያልሰማኝ። ገለቶሚ፣ ኢንታላ ቲያ፤ አላህ ይስጥሽ" ብለው አመሰገኑኝ።

ያን ቀን ሰናይት የለች፣ የሚስቅብኝ የለ። እውነቱን በገዛ ቋንቋቸው ልነግራቸው እችል ነበር። "አሜን" አልኩ። ጋሽ ተፈራ እስኪሞት ድረስ በዚያ መንደር ስሙ ክፉ ነበር።

እና ባለፈው ሳምንት ከካቡ ሥር፣ ከሣሩ መሐል፣ ክንድ የምታስገባ ጉድጓድ አገኘሁ። ማሳው ውስጥ የሚያርም ጎልማሳ ጠርቼ በኦሮምኛ ነገርኩት።

"የአይጥ ናት፣ እናቴ" ብሎ ሳቀ።

"የአይጥም ትሁን ድፈናት" አልኩት። ድንጋይ ሰግስጎ በተረከዙ እስኪረግጣት ድረስ ቆሜ አየሁ። "ገለቶሚ" ሲለኝ ፊቴን አዙሬ ወደ መኪናው ሄድኩ።

መኪናው ውስጥ ስገባ ልጄ፣ "ያን ያህል ምን አወራችሁ?" አለኝ።

"ሰላም ተባብለን ነው" አልኩት።