የአባቴ ጠያቂዎች

አባዬ ሥራ ሰዓት ላይ ይደውልና «ዛሬም መጥተዋል» ይለኝ ነበር። የሚላቸው ሰዎች በር አያንኳኩም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ የሚጠይቀው ከእኔ በቀር ማንም የለም ማለት ይቻላል። እሱ የሚያወራው እኔ ስለሠራሁለት ድረ ገጽ ነው። የጎብኚዎችን ብዛት የሚያሳየውን ገጽ በስልኩ ይከፍትና፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ የትናንቱን ከዛሬው እያስተያየ ያነብልኛል። እኔም ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄ፣ እጄ ሥራው ላይ እንዳለ፣ «ጎሽ አባዬ፣ ጥሩ ነው» እለዋለሁ። ቁጥሩን ግን ከልቤ አልሰማውም።

ድረ ገጹ የተሠራው አባዬ ባልደረሰበት አንድ ቀብር ምክንያት ነው። የድሮ ሰፈራችን ከፈረሰ በኋላ ጎረቤቱ ተበተነ። ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ገሚሱ ልጆቹ ጋ ተጠጋ፣ ገሚሱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እናቴ የሞተች ጊዜ ከቤታችን ሳይጠፉ የከረሙ አንዲት ጎረቤት ነበሩ። እሳቸው አርፈው አባዬ የሰማው ከተቀበሩ ከሰነበቱ በኋላ ነው፣ ያውም ገበያ መሃል በአጋጣሚ ካገኘው ሰው። ነገሩ አንገበገበው። «እሷ አፈር ስትለብስ እኔ እዚህ ተጎልቼ ቴሌቪዥን አያለሁ» እያለ ሰነበተ። አንድ ቀን ደግሞ ሻይ እየጠጣን፣ ድምፁን እንኳን ሳይቀይር፣ «እኔስ ስሞት ማን ይሰማል?» አለኝ። «ተው እንጂ አባዬ» አልኩት።

የሰፈሩ ልጆች አንድ ሰሞን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ነበር። መጀመሪያ የድሮ ፎቶ፣ ቀጥሎ የሚሸጥ መሬት፣ ከዚያ የፖለቲካ ስድብ ሆነና ሰው አንድ በአንድ እየወጣ ቀረ። አባዬ የፈለገው ሌላ ነገር ነው። ሰፈሩን ቤት በቤት መጻፍ ፈለገ፤ ማን የት ይኖር እንደነበር፣ ግቢው ምን ይመስል እንደነበር፣ ያነበበ ሰው «እኛ ነን እኮ» ብሎ ብቅ እንዲል። ጡረታ እስኪወጣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ሰው ስለሆነ የየትኛው ግቢ ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ቆጣሪ ከቁም ሳጥን ጀርባ እንደተደበቀ ሁሉ ያውቃል። እሱ በእጁ ይጽፋል፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አስገባለታለሁ። የድረ ገጹን አድራሻ በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ኪሱ ውስጥ ይይዝና የድሮ ጎረቤት ወይም የጎረቤት ዘመድ ባገኘ ቁጥር ያድላል።

ሥራዬ ይኸው ስለሆነ መሥራቱ አልከበደኝም። ቦሌ ላሉ ሆቴሎችና የጉዞ ወኪሎች ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ሲበላሽ እጠግናለሁ፤ ባለቤቶቹ ሲቆጡ እሰማለሁ። የከበደኝ መንገዱ ነው። ከምኖርበት ሲኤምሲ እስከ አያት በአንድ ታክሲ፣ ከአያት በሌላ፤ ስመለስ ደግሞ እዚያው አካባቢ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች የሚወጡበት ሰዓት ላይ ከወደቅሁ ሰልፉ አያልቅም። ስለዚህ አባዬ ጋ ስደርስ ጽሑፉን አስገብቼ፣ ያመጣሁለትን አስቤዛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ለመውጣት እጣደፋለሁ። የጎብኚው መብዛት ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ግን ደስ ብሎታል፣ ደስ ካለው ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የፈነዳው ጸሎት ላይ ነው። በብሎካቸው ያሉ አማኞች ረቡዕ ከሰዓት ተራ በተራ ቤት ለቤት እየተገናኙ ይጸልያሉ። የዚያን ዕለት ቃሉን እንዲያነብ ተራው የአባዬ ነበር። የሚያነበው ከስልኩ ነው፤ ፊደሉን ማተለቅ ስለሚቻል። ትንሽ እንዳነበበ ዓይኑ ደከመውና ስልኩን አጠገቡ ለተቀመጡት እናት አቀበላቸው። እሳቸው ማንበብ ሲጀምሩ ከስክሪኑ ላይኛው ጫፍ የአንዲት እርቃኗን የቀረች ሴት ምስል ብቅ አለ፤ ተከትሎም የቁማር ማስታወቂያ እየዘፈነ መጣ። ሴትዮዋ ስልኩን እንደ ጋለ ድስት ምንጣፉ ላይ ለቀቁት። መሪው «እንጸልይ» ብሎ ነገሩን ሸፈነው።

ይህን የነገረችኝ ጎረቤቱ ናት፣ እሱ አልነገረኝም። ቅዳሜ ስደርስ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከቶት ነበር።

«ምን ነካክተህ ነው አባዬ?» አልኩት ስልኩን ከፍቼ። መልእክቱ ይዘንባል፤ ቁማር፣ የክብደት መቀነሻ ኪኒን፣ «አሸንፈዋል» የሚል የውሸት ሽልማት።

«ምንም አልነካሁም። የመጡትን ነው የጠየቅሁት።»

«እነማንን?»

«የሚመጡትን ነዋ። ከየት እንደመጡ ይጻፍ የለ? እሱን ስትነኪው ቤታቸው ይወስድሻል። እነሱ በየቀኑ እየመጡ እኔ ሳልሄድ ብቀር ነውር አይደለም?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የጎብኚዎቹ ገጽ ላይ እውነትም ሰው ከየትኛው ድረ ገጽ ተነስቶ እንደመጣ የሚያሳይ ቦታ አለ። አባዬ እዚያ የተደረደሩትን ስሞች በየተራ እየነካ፣ ጠይቀውኛልና ልጠይቃቸው ብሎ፣ ሲዞር ከርሟል። ስሞቹ የፈረንጅ መሆናቸው አላስጠረጠረውም። የጎረቤት ልጆች ውጭ አገር ሄደዋል፣ የሥራ ቦታቸው ስም ይሆናል ብሎ አስቧል። ገጾቹ ሲከፈቱ መልእክት እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ አባዬም ሁሉንም ፈቅዷል። «ሰው ቤት ገብተሽ ባለቤቱ ሲጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ እንዴ?» አለኝ። ልስቅ ብዬ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይደሉም። ማሽን ናቸው።»

«ማሽን የኛን ሰፈር ምን ያደርግለታል?»

«ሰፈርህን አያነብም። ስሙን ጥሎልህ መሄድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስንትና ስንት ሰው ቤት ይጥላል፤ ባለቤቱ እነማን ናቸው ብሎ ሲነካው የሚሸጠውን ያሳየዋል። ያንተን ለማወቅ መፈለግ ነው የሚበላው። አንዳንዱማ ደጃፍህንም አልረገጠ። መቁጠሪያው ላይ ስሙን ጽፎ ነው የሚያልፈው።»

«ሳይገባ ተቆጠረ?»

«ሳይገባ ተቆጠረ።»

ከሁሉ ይህ ነው የጎዳው። እሱ የሚያውቀው ቆጣሪ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ሰው ይሰርቅበታል፤ መብራት ሳያልፍበት ግን አይዞርም። ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር አንብቦ፣ ቁጥሩን አምኖ የኖረ ሰው ነው። አሁን ይኸው ልጁ መጥታ ያየኸው ሁሉ ውሸት ነው ትለዋለች።

እንዴት እንደሚለዩም አሳየሁት። ሰው ሲገባ ትንሽ ይቆያል፣ አንብቦ ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ እነዚህ ግን ገቡ ከመባላቸው ወጥተዋል። ሰው አለፍ አለፍ እያለ ይመጣል፤ እነዚህ በአንዴ ተግተልትለው ይመጡና ጸጥ ይላሉ። ጭራሽ ድረ ገጹ ላይ የሌለ ገጽ አየን የሚሉም አሉ። ስማቸው ራሱ ግዙኝ ግዙኝ ይላል። የማታውቀው ስም ካየህ አትንካው፣ ለእኔ ንገረኝ አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ታዲያ የኛ ሰዎች የቶቹ ናቸው?» አለኝ። እነሱን ለማየት መጀመሪያ እነዚህን ማጽዳት አለብን አልኩት።

ማጽዳት ያልኩት ነገር ስንት ቅዳሜዬን በላ። ስልኩ ላይ የሰጠውን ፈቃድ አንድ በአንድ ነጠቅኩ። ከዚያ የውሸታሞቹን ስም እየለቀምኩ፣ በዚህ ስም የመጣ አይግባ የሚል ትእዛዝ ድረ ገጹ በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ ጻፍኩ። ደጃፍ ሳይረግጡ ለሚቆጠሩት ይህ አይሠራም፤ እነሱን ከመቁጠሪያው ላይ ማጣራት ነው ያለው መፍትሔ። በሳምንቱ ስመለስ ስማቸውን አንድ ፊደል ቀይረው መጥተዋል። እዘጋለሁ፣ ይመጣሉ፤ እዘጋለሁ፣ ይመጣሉ። መሃል ላይ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የጀመርኩት ሳይቀመጥ ይቀራል። የአራብሳ አቧራ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ክረምት ሲገባ ያርፋል። ሰኞ ቢሮ ስገባ ደግሞ ይኸው ሥራ ለሆቴሎቹ ይጠብቀኛል። ሰልችቶኛል ብቻ ብል ያንስበታል።

በዘጋሁ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ለደንበኛ ቢሆን አሁን እውነተኛው ታየ ብዬ ሂሳቤን እቀበልበት ነበር። አባዬ ግን ከኋላዬ ቆሞ፣ እንግዳው እየተነሳ እንደሚሄድበት ሰው፣ ዝም ብሎ ያያል። ሥራ ሰዓት ላይ መደወሉን አቆመ። ለካ ያ ስልክ ለእኔም ያስፈልገኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስደርስ የጻፈው ነገር አልነበረም። «ምን ያደርጋል?» አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩትም። ተናድጃለሁ፤ ግን በማን እንደምናደድ አላውቅም። ፊት በሌለው ነገር ተናዶ የት ይደረሳል?

ቀጥሎ በሄድኩበት ቅዳሜ የእኔንና የእሱን ስልክ ከቆጠራው አወጣሁ፤ በገባን ቁጥር እኛንም ይቆጥረን ነበር። ገጹ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ልዘጋው ስል አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። የሆነ ሰው እሁድ እሁድ ከሰዓት በስልክ ይገባል። የሚከፍተው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላ ቤት አያይም። ይከፍተውና ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል እዚያው ይቆያል። ከየት መጣ የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈም። አድራሻውን በእጁ ጽፎ ገብቷል ማለት ነው።

«ይሄ ማሽን አይደለም አባዬ» አልኩት።

ገጹ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ የሚለፍፉ ሰውዬ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው የሞቱ ዕለት የሚለፍፍ ጠፍቶ፣ በር በር እያንኳኳ የተናገረው አባዬ ነው። ገጹ ላይ ፎቷቸው አለ። ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ጥሩምባውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ፎቶ አንሺውን የተቆጡ መስለው ቆመዋል። ያነሳቸው አባዬ ነበር።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ሚስታቸው ናቸው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ቤታቸው ሲፈርስ ዕቃቸው ዝናብ ላይ ነው ያደረው። ፎቶ የሚባል አልተረፈላቸውም። የእህታቸውን ልጅ አያት ታክሲ ተራ አግኝቼው ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ። ታክሲው ሞላና ሄደ፤ የት ገቡ ብዬ እንኳን ሳልጠይቀው።» ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ። «እሳቸው ስልክ አያውቁም። እሁድ እሁድ እሱ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ነው የሚከፍትላቸው።»

እንደዚያ ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለኝም። ግን አመንኩት።

«የት ነው ያሉት?» አለኝ። «ከየት እንደመጡ ይጽፋል አይደል?»

«እሳቸው ላይ ባዶ ነው። ከተማው የሚለው ላይ ብቻ አዲስ አበባ ይላል።»

«አዲስ አበባ» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ፊት ለፊታችን ብሎክ ነው፣ ከብሎኩ ኋላ ሌላ ብሎክ፣ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል። ከእነዚህ በአንዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የከተማው ሌላ ጫፍም ሊሆኑ ይችላሉ። ማንም ያልሆኑት ሁሉ በየቀኑ አድራሻቸውን ትተውለት ሄደዋል፤ በእውነት የመጡት ሴትዮ ግን ሄዶ የሚጠይቅበት ቦታ አልተዉለትም።

«እንግዲያስ የኔን ጻፊላቸው» አለኝ።

የቤት አድራሻ ኢንተርኔት ላይ አይጻፍም። ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው ነው፤ የማሽኖቹ ቆሻሻ ያንኑ ለቅሞ ይመጣል። ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከፎቶው ሥር የብሎኩን ቁጥር፣ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ፣ ፎቁን፣ የበሩን ቁጥር እየነገረኝ ጻፍኩ።

«ጨረስኩ።»

«ቀኑን አልጻፍሽም።»

«የምኑን ቀን?»

«የምገኝበትን ነዋ። በስንት መከራ መጥተው ባያገኙኝስ?»

«መቼ መቼ ልበል?»

አሰበ። ረቡዕ ከሰዓት ጸሎት ነበረው፤ ከዚያ ከስልኩ ነገር ወዲህ ግን መሄድ ትቷል።

«ሁልጊዜ አለሁ በይ» አለኝ።

እንዳለው ጻፍኩት።