ፍላወር ያለኝ ሰው

ስሜን የነጠቀኝ የእርዳታ ዱቄት አዳይ ነው። ዛሬ ቆቦ ገበያ የጆንያ ሽታ ሲሸተኝ መልኩ ፊቴ ድቅን አለ።

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ከዱቄት ጆንያ የተሰፋ ሸሚዝ ለብሼ ተሰልፌ ነበር። ደረቴ ላይ የቀረውን የእንግሊዝ ፊደል አነበበና «ና አንተ ፍላወር!» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

አያቴ ክንዴን ጨብጠው፣ «ዱቄታቸውን ብላ። በዚህ ስም አቤት ካልክ ግን ልጄ አይደለህም» አሉኝ።

አቤት ሳልል ከሰልፉ ወጣሁ። ስልቻዬ ባዶውን ተመለሰ፤ ስሙ ግን ተጣብቆብኝ ቀረ።

ጎልምሼ ፊደል ስቆጥር አስተማሪዬን ጠየቅሁት። «ዱቄት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጥንት ከአበባ ጋር አንድ ቃል ነበር፤ የእህል ምርጡ ለማለት» አለኝ።

ምርጥም ይሁን፣ አባቴ አላወጣልኝም። ፍየል አርጄ ሽማግሌ ሰብስቤ «ከእንግዲህ አባቴ ባወጣልኝ ስም፣ ሰይድ ብላችሁ ጥሩኝ» አልኩ። ዱዓ ተደርጎ ስሜ የጸናልኝ በ1976 ዓ.ም. የመውሊድ ዕለት ነው።