ደሳንካ የጻፈችው ዋጋ

ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ዲናራችን ገደል ገባ። እኔ ኖቪ ሳድ ከተማ ውስጥ የአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ደሳንካ ደግሞ እዚያው ሱቅ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ውብ እጅ ጽሑፏ የሸቀጡን ዋጋ ስትጽፍ ኖራለች፤ ያን ክረምት በቀን ሦስቴ ትቀይረው ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን የወር ደመወዟንና አዲሱን የእንቁላል ዋጋ አንድ ላይ ሰጣት። በአሮጌው ዋጋ በደመወዟ አሥራ ሁለት እንቁላል ይደርሳት ነበር።

"ምን ነካሽ አንቺ! መጀመሪያ ግዢ፣ ከዚያ ትጽፊያለሽ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ሥራ ይቀድማል" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። ዜሮዎቹን አሳምራ ደርድራ ሰቀለችው። ከዚያ ዲናሩን በሙሉ ፊቴ ዘረገፈችና ሰባት እንቁላል ወሰደች።

"የወር ልፋትሽ ይኸው ነው?" አልኳት።

"አንዷ ዜሮ ተጣምማብኛለች" አለችና ልታስተካክላት ተመለሰች።