ያልተነገራት ምክንያት

ወልቂጤ ከመጣሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። ለወጣቶች የሙያ ሥልጠና በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ የአመልካቾችን ማስረጃ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር የሚለየው ፕሮግራሙ ነው፤ እኛ ደንቡን እንጽፍለታለን፣ እሱ ይፈርዳል። አብራኝ ትሠራ የነበረችው ባልደረባዬ ከተዛወረች ወዲህ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከሻይ ቤቱ አስተናጋጅ በቀር ከማንም ጋር ሳላወራ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ክረምት የፕሮግራሙ አዲስ ቨርዥን መጣ። የአዲስ አበባው ባለሙያ ምን እንደተጨመረበት በስልክ አስረዳኝ። ደንቦቹ ከእንግዲህ በተራ አማርኛ ይጻፋሉ። አንድ ሰው ሲቀር የትኛው ደንብ እንዳስቀረው ይናገራል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎችን፣ ጸሎቱን ጸ እና ፀሐዩን ፀ፣ እንደ አንድ ይቆጥራል። የቆዩ ፋይሎችንም በአዲሱ ደንብ መሞከር ይቻላል። ሲጨርስ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀኝ። አልነበረኝም፤ ስልኩን እንዳይዘጋው ብዬ ብቻ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቅሁት።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ፋይሎችን ሞከርኩ። የአብዛኞቹ ውጤት አልተለወጠም። በአቅራቢያችን ካለው ከቸሃ ወረዳ የመጣች የአንዲት ልጅ ፋይል ላይ ግን «ታልፋለች» የሚል መልስ ወጣ። አስታወስኳት። ከአራት ዓመት በፊት ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ ለምን እንደቀረች ጠይቃኝ ነበር። የድሮው ፕሮግራም «አታሟላም» ብሎ ዝም ስለሚል፣ እኔም ኮምፒውተሩ ነው እንዲህ ያለው ብዬ ሸኘኋት። አሁን የድሮው ውጤት ለምን እንደተለወጠ ከሥሩ ተጽፏል፤ ስሟ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ በአንዱ ጸ፣ በመታወቂያዋ ላይ በሌላው ተጽፎ ነው። የሁለቱ ወረቀቶች ስም ካልገጠመ ይሰረዝ የሚለውን ደንብ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።

ፋይሉ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። አባቷ አነሱት። ልጃቸው አክስቷ ዘንድ ቡታጅራ እንደምትኖር ነገሩኝ። «ሰንፈሽ ነው የወደቅሽው አልኳት» አሉ። «ተቀይማ ሄደች፣ በዚያው ቀረች።» እውነቱን በስልክ አልነገርኳቸውም። አድራሻዋን ብቻ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ቡታጅራ ሄድኩ። ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች። እንዳየችኝ አወቀችኝ። የሆነውን ስነግራት ቀና ሳትል፣ ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ሰማችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በሚቀጥለው ዙር ልመዝግብሽ አልኳት። ሥራዋን በራሷ እንደለመደች፣ ሥልጠናውን እንደማትፈልገው ነገረችኝ። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠች።

«ይኼንን በወረቀት ይጽፉልኛል?» አለች። «ለአባቴ። እኔ ብነግረው አያምነኝም።»

ምሳ ይብሉ ብላ ለመነችኝ። መኪና ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። ገና ቀትር ነበር፤ ወደ ወልቂጤ የሚመለስ መኪናም ብዙ ነበር።

ሰኞ የፕሮግራሙን መልስ አትሜ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከሥሩ ጻፍኩ። ኃላፊዬም ማኅተም አደረጉበት። በገበያ ቀን አባቷ ቢሮ መጡና አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንተስ ልጄ፣ እዚህ ማን አለህ?» አሉኝ።

«ማንም የለኝም አባቴ።»

«እኔም እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቴ ኦና ነው» አሉ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቸሃ የሚጭነውን ሚኒባስ አልፈው የቡታጅራውን ጠየቁ። መኪናው እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምኩ። ከሄዱ በኋላ ቢሮ ተመልሼ፣ ምክንያታቸው ሳይነገራቸው ለቀሩት ሌሎች አመልካቾች አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። አብዛኞቹ ስልኮች አይነሱም።